ልቅም ያለው ሱቅ

አባቷ እጁን ወደ ግራ ዘረጋ፤ እጁ የሄደበት ቦታ ላይ ግን ምንም አልነበረም። ጣቶቹ ባዶውን ጠረጴዛ ዳሰሱ፣ ትንሽ ወደፊት ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ። ዕድሜ ልኩን ሞረዱን ያነሳው ከዚያ ነበር። አሁን ሞረዱ ከጀርባው፣ አዲስ በተቀባው ግድግዳ ላይ፣ ከታላላቆቹና ከታናናሾቹ ጋር በቁመት ተሰልፎ ተሰቅሏል። ከበላዩም በትልልቅ ፊደል «ሞረድ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

«ከጀርባህ ነው አባዬ» አለች ሴት ልጁ። «ወደ ቀኝ ዙር። ከፍ አድርግ… አይ፣ እሱ ካቻቢቴ ነው።»

አባቷ ካቻቢቴውን መልሶ ሊሰቅል ሞከረና ምስማሩን ሳተው። ካቻቢቴው ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አልፈለገውም። በርጩማው ላይ ተቀመጠና ሁለቱን እጆቹን ጭኖቹ ላይ አሳረፈ።

«ሱቄ የት ሄደ?» አለ።

ልጁ ክው አለች። ቢቆጣት፣ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን የጠየቀው መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነበር፣ ቀስ ብሎ።

ቤተ ዘመድ ሁሉ «ልቅሜ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ገና በልጅነቷ፣ የቤቱን ጫማ ሁሉ በር ላይ ጥንድ ጥንድ እያደረገች ስትደረድር ነው፤ ሥራዋ ልቅም ያለ ነውና ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ሰው ቤት ለጥየቃ ሄዳ እንኳ የተንጋደደ ምንጣፍ ካየች ወሬው አይገባትም። አድጋ ነርስ ስትሆንም የሄደችው ቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው። እዚያ እሷ ያሰናዳችው የመሣሪያ ጠረጴዛ ላይ አንዲት መቀስ አትንጋደድም፤ ሐኪሞቹ «ዛሬ ልቅሜ ናት» ሲባሉ ትከሻቸው ዘና ይላል። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት የቁልፍ ሠሪ ልጅ ሆና የአባቷን ሱቅ እንዴት ችላ ትኑር? ዓመታት ሙሉ እዚያ በገባች ቁጥር አንጀቷ እርር ይል ነበር። ጣሳው እዚህ፣ ፒንሳው እዚያ፣ ሽቦው ከጣሪያ ተንጠልጥሎ፣ መዶሻው ከጠረጴዛ ሥር፣ ዘይቱ በእግር መረገጫ ላይ። በደኅናው ጊዜ አባቷ እንዲህ አልነበረም። እርጅና ነው፣ ሰነፈ፣ ብላ ነበር ለራሷ።

አጋጣሚው የመጣው አባቷ ለዓይኑ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ሲተኛ ነው። ልቅሜ ፈቃድ ወሰደች፣ እጅጌዋን ጠቀለለች፣ ሱቁ ላይ ዘመተች። ዝገቱንና ጨርቁን በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላች አወጣች። ከግድግዳው የተጣመሙ ምስማሮችን ነቅላ ቀዳዳቸውን ደፈነች፣ ነጭ ቀለም ቀባች። አንድ እግሩ አጥሮ ዘንበል ብሎ የኖረውን ጠረጴዛ ሽብልቅ አስገብታ አቃናችው። በመጨረሻም ዕቃውን ሁሉ በዓይነት በዓይነቱ ለይታ ስሙን ጻፈችበት፣ ፊደሎቹን ሆን ብላ አተለቀቻቸው። ፋሻው ሲፈታ አባቷ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው ብላ አስባ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሲያነብ፣ ፊቱ ሲበራ፣ ብዙ ጊዜ በሐሳቧ አይታዋለች።

ፋሻው ተፈታ። ቀኝ ዓይኑ ጨለማ ነው፤ ግራው መስኮትና ግድግዳን ይለያል፣ ከዚያ አያልፍም። ሐኪሙ ከዚህ በላይ የሚደረግ ነገር የለም ብሎ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ሄደ።

ታላቅ ወንድሟ ወሬውን የሰማው መንገድ ላይ ነው። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር ነው፤ ድካምና እንቅልፍ ሰው ላይ የሚያደርጉትን በዓይኑ ስላየ ፈሪ ነው፣ የሚወዳቸውን ሰዎች በተመለከተ ደግሞ የባሰ ፈሪ ነው። ትናንት ደውሎ ድምፁን ሳያሻክር ቁርጡን ነገራት።

«ነገ ከሰዓት እመጣለሁ። አንድ ቁልፍ እሰጠዋለሁ። ማንም ሳይረዳው ፈትቶ ከጠገነው፣ ሱቁም ይቆይ፣ እሱም ይቆይ። ካልሆነ ግን ይዤው እሄዳለሁ፤ ክፍሉም ተዘጋጅቷል። ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ በሞረድና በመጋዝ መሃል ጥዬ መሪ አልጨብጥም።»

«አንተስ ምን ትላለህ?» ብላ ጠይቃ ነበር ስልኩን ዘግታ አባቷን።

«ይምጣ» አለ አባቷ። ቀጥሎም፣ «ወንድምሽ ቤት ፎቅ ላይ ሄጄ ምን ልሁን? ሶፋው ላይ እንደ ዕቃ ልቀመጥ? አቧራዬን እያራገፉ?» አለ።

እንግዲህ ዛሬ ያ «ነገ» ነው፣ ጠዋት ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ ሞረዱን እንኳ ማግኘት አቅቶታል።

ልቅሜ ለቅሶ አልወጣትም። ወረቀቶቹን ከግድግዳው እየቦጨቀች አወረደች። ጣሳዎቹን ከመደርደሪያው፣ ፒንሳዎቹን ከግድግዳው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ቆለለቻቸው፤ ከዚያ በትዝታዋ እዚህም እዚያም ትበትናቸው ጀመር። የተዝረከረከን ማስተካከል ስታውቅበት ኖራለች፤ የተስተካከለን ማዝረክረክ ግን ማን አስተምሯት? አባቷ እጁን በክምሩ ላይ አሳልፎ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ የኔ ዝርክርክ አይደለም» አለ። «የማን እንደሆነም አላውቅም።»

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ በበሩ ብቅ አለች። የሁለቱ ሱቆች ግድግዳ ስስ ጣውላ ነውና ወሬ አይደበቅም።

«እንደምን አደሩ ጋሽዬ» አለችና የተበታተነውን ዕቃ አየች። «አይ ልቅሜ፣ ካልደፈረሰ አይጠራም ይባላል እንጂ፣ አንቺ እኮ የጠራውን ነው ያጠራሽው።»

«እትዬ፣ ሞረዱ የት እንደነበር ታስታውሻለሽ?»

«እኔ ምኑን አይቼ? እኔ የምሰማው ነው። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ጣሳ ይንኳኳል፣ በእኔ በኩል፣ ከታች። ቀጥሎ ዝም። ቀጥሎ ሞረዱ። ከዚያ አንድ ነገር ከጠረጴዛው ሥር ቅጭል ይላል። ይሄው ነው። ቀኑን ሙሉ በዚሁ ተራ። እኔም መኪናዬን የምረግጠው በእሳቸው ምት ሆኗል።» አባቷን አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሳቸው ከተኙ ወዲህ ስፌቴ ሁሉ ተጣሞብኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ ሄደች። ልቅሜ ግን እንደቆመች ቀረች። በዚሁ ተራ፣ አለች በሆዷ። የተዝረከረከ ነገር ተራ የለውም።

ያን ጊዜ የራሷ የሥራ ቦታ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ቀዶ ሐኪሙ ዓይኑን ከቁስሉ አያነሳም፣ መዳፉን ብቻ ይዘረጋል፤ መዳፉ ላይ የሚያስፈልገውን የምታኖርለት እሷ ናት። ስለዚህ የእሷ ጠረጴዛ የሚያምረው ለእሷ ዓይን ነው፤ ለሐኪሙ እጅ ምኑም አይደለም። አባቷ ግን የሚያቀብለው ሰው ኖሮት አያውቅም። መሣሪያውን የሚያቀብለው ቦታው ነበር።

በርጩማውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችለት።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ አትፈልግ። ዝም ብለህ ሥራ።»

«በምን ልሥራ?»

«በባዶ እጅህ። ቁልፍ የያዝክ አድርገህ አስብና ፍታው። እጅህ የሄደበትን እኔ እይዛለሁ።»

«ቴአትር ልታሠሪኝ ነው?» አለ። ሆኖም ወገቡን አቃና። «በባዶ እጁ ቁልፍ ሲሠራ አየሁት ብለሽ ለሰው እንዳታወሪ ብቻ።»

መጀመሪያ እጆቹ አፈሩ። የሌለ ቁልፍ በሌለ ሞርሳ ውስጥ ለማሰር እየሞከረ ፈገግ አለ፣ ተወው፣ እንደገና ጀመረ። ቀስ በቀስ ግን ሐሳቡ ወደ ሥራው ሲገባ እጆቹ ለብቻቸው ይሄዱ ጀመር። ግራ እጁ ወደ ታች ወርዶ በጉልበቱ ትይዩ ቆመ። ልቅሜ ከቦርሳዋ የቁስል ፕላስተር አውጥታ ቀደደችና እዚያው ለጠፈች። «ምን ነበር?» «የሞላዎች ጣሳ።» ቀኝ እጁ ሳይዞር ወደ ትከሻው አቅጣጫ ሄደ። ለጠፈች። «ወረንጦ።» ግራው ከፊቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አረፈ። «ሞረድ፣ ለስላሳው።» ቀኙ ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር ገባ፤ እዚያ ለመዶሻው የሽቦ ቀለበት ነበረ፣ ልቅሜ ዝገት መስሏት ነቅላዋለች። እግሩ እንኳ ሥራ ነበረው፤ የዘይቷን ዕቃ በተረከዙ ወደ እጁ ገፋ የሚያደርግበት ጊዜ ነበር። እንዲህ እያለ ሱቁ በነጫጭ ፕላስተር ተዥጎረጎረ። ምስማር አመጣች፣ ሽቦ ጠመዘዘች፣ በንጹሑ ግድግዳዋ ላይ ያለ ርኅራኄ ቀጠቀጠች። አንድ ዕቃ ቦታው በገባ ቁጥር ደስ ይላታል፤ ወዲያው ደግሞ ታፍራለች፣ ምክንያቱም የትኛውም ዕቃ ያለ ምክንያት የተቀመጠ አልነበረም።

ቀጥሎ እውነተኛ ጓጉንቸር ሰጠችው። ሞርሳው ላይ አሰረ፣ ሞረደ፣ ካቻቢቴውን አነሳ፣ አንዱም አልጠፋበትም። የጓጉንቸሩን ሆድ ሲከፍት ግን ከውስጥ ያለችው ትንሽ ሞላ አምልጣ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች፣ በቀኝ በኩል ተንከባልላ ወለሉ ላይ ጠፋች። የአባቷ እጅ ያን ጊዜ በግራ በኩል፣ ከሆዱ አጠገብ ካለው የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ይጠብቃት ነበር።

«ጠረጴዛው ምን ሆኗል?» አለ።

«ምንም አልሆነም። እንዲያውም—»

መዳፉን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ቀና ብሏል» አለ።

«አንድ እግሩ አጭር ነበር፣ አባዬ። ሽብልቅ አገባሁበት።»

«አጭር የሆነው በመጋዝ ስለቆረጥኩት ነው።»

ልቅሜ ወደ ጠረጴዛው እግር ጎንበስ አለች።

«የሚወድቀው ሁሉ ወደዚች ጥግ እንዲንከባለልልኝ» አለ አባቷ፣ ማዕዘኑን በጣቱ መታ መታ እያደረገ። «ጠርዙ ላይ ጣውላ መትቼበታለሁ፣ አያልፍም። ብርሃን ከሌለ ሞላ ፍለጋ ወለል ላይ መዳከር አይቻልም።»

«መቼ ነው የቆረጥከው?»

አባቷ ጥጓን መዳሰሱን ቀጠለ። ልቅሜ ግን መልሱን ራሷ ደረሰችበት። ሱቁ መዝረክረክ የጀመረበትን ጊዜ አስታወሰች። እሷ ሰነፈ ያለችበት፣ ለወንድሟ «አባዬ እኮ እጁን ጣለ» ብላ ያወራችበት ጊዜ፣ ለካ ዓይኑ መክዳት የጀመረበት ጊዜ ነው። ሰውዬው ማንንም ሳያስቸግር፣ ለማንም ሳይናገር፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ከዓይኑ ወደ እጁ ሲያዛውር ኖሯል። ሲጨርስ ደግሞ እሷ መጣችና ጠራረገችለት።

ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ ገባች፣ ጫማዋን አወለቀችና ሽብልቁን በተረከዙ እየመታች አወጣችው። ጠረጴዛው እንደ ድሮው ዘንበል አለ።

«ይቅር በለኝ አባዬ» አለች ከሥር ሆና።

«ምኑን? ወደሽ ያደረግሽውን?» አለ። «እሱን ሲደላን ቁጭ ብለን እንጣላበታለን። አሁን ሥራ አለ፤ ያችን ሞላ ፈልጊልኝ።»

ወንድሟ ሲመጣ ፀሐዩ ከበሩ ዞሮ ነበር። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ አባቱን ጉንጩን ሳመ፣ ቀና ብሎ ሱቁን አየ። በየቦታው የተለጠፈውን ፕላስተር፣ እንደነገሩ የተሰቀለውን መሣሪያ፣ ዘንበል ያለውን ጠረጴዛ አየ።

«አጽድቼዋለሁ ብለሽኝ አልነበር?» አለ።

«አሁን ነው የጸዳው ጋሼ» አለች ልቅሜ።

ወንድሟ ከኮቱ ኪስ የበር ቁልፍ አውጥቶ በአባቱ መዳፍ ላይ አኖረ፤ ከእነ ሆዱ ከበሩ የተነቀለ፣ ከባድ ነው። ሽማግሌው አገላብጦ ዳሰሰው።

«አዲስ ነው። የት ነበር?»

«አንተ ልትገባበት ያዘጋጀነው ክፍል በር ላይ» አለ ወንድሟ። «ከውስጥ ሲዘጉት አልከፈት ይላል። ልጆቹ ተዘግቶባቸው አለቀሱ።»

አባቷ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። ቁልፉን ሞርሳው ላይ አሰረ።

«ልቅሜ፣ እጅሽን ሰብስቢ» አለ ወንድሟ። እሷም እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ በግድግዳው ተደገፈች። በሕይወቷ እንዲህ እጆቿ የከበዷት ቀን የለም።

ሽማግሌው ሠራ። አልቸኮለም። እጁ ወደ ግራ ሄዶ ሞረዱን ያዘ፣ መለሰው፤ ወደ ትከሻው ሄዶ ወረንጦውን ያዘ፣ መለሰው። የቁልፉ ሆድ ሲከፈት አንዲት ቀጭን የብረት ፒን አፈትልካ ወደቀች፤ ወንድሟ ሊይዛት ደንገጥ ብሎ እርምጃ አነሳ፣ ፒኗ ግን ተንከባልላ ጥግ ውስጥ ስትገባ የአባቱ ጣቶች እዚያው ነበሩ። ወንድሟ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሹፌር ነው፣ መሪ የጨበጠ እጅ ያውቃል፤ የአባቱን እጆች ከዚያ በኋላ ዓይኑን ሳይነቅል ያይ ጀመር።

ሊያልቅ ነበር። ሞላዎቹ ገቡ፣ ፒኖቹ በተራቸው ገቡ። የቀረው ከጀርባ ያለችውን ምላስ በሽቦ ስቦ ጥርሷ ላይ ማስገባት ብቻ ነው። ያን ጊዜ የአባቷ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ወጣ፣ ከራሱም በላይ፣ ጠዋት አንዴም ወዳልሄደበት ቦታ። ጣቱ ግድግዳው ላይ አረፈ። ለስላሳ፣ አዲስ ቀለም ነው። ወደ ጎን ዳሰሰ። ምንም የለም። እጁን አላወረደም።

ልቅሜ ምን እንደሆነ ገባት። የጠዋቱ ጓጉንቸር ምላስ የለውም፤ እጁም ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት አልነበረውም። የነቀለችውን ምስማር፣ የደፈነችውን ቀዳዳ አሁን አስታወሰች። የሚፈልገው ነገር መደርደሪያው ላይ፣ ከሽቦዎቹ ጋር፣ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ አለ። መዳፉ ላይ ማኖር ለእሷ የዕለት እንጀራዋ ነው። ጣቶቿን ብብቷ ውስጥ እስኪያማት ጨመቀቻቸው። አላነቃነቀቻቸውም፤ ብትረዳው እሷው እንደምትቀብረው ገብቷታል።

«ምን ነበር እዚያ?» አለ ወንድሟ።

«ምላሱን መሳቢያዋ ሽቦ» አለ አባቷ። እጁ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። «እዚህ ነበረች።»

አላማረረም፣ ልቅሜንም አልወቀሰም። ቦታውን ብቻ ይዞ ቆመ፣ ይሄ የኔ ነው እንደሚል ሰው። ክንዱ የሽማግሌ ክንድ ነው፣ ከፍ ብሎ ብዙ አይቆይም።

ወንድሟ አንድ ጊዜ እሷን አያት። አንድ ጊዜ ያችን ግድግዳ ላይ ያለች ጣት አየ። ከዚያ መደርደሪያው ጋ ሄደ፣ ሽቦዎቹን አገላበጠ፣ ጫፏ የተቆለመመውን ቀጭኗን አወጣ። በቃ፣ ሰጥቶት፣ አየሽ አይደል ሊለኝ ነው፣ አለች ልቅሜ በሆዷ። ወንድሟ ግን ሽቦዋን በከንፈሩ ያዛትና ኮቱን አወለቀ።

«ምስማር አለ?» አለ በጥርሱ መሃል።

ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው።

«መዶሻስ?»

አፏን ልትከፍት ስትል አባቷ ፊቱን ሳያዞር፣ ቀኝ እጁንም ከግድግዳው ሳያነሳ፣ ግራ እጁን ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር አሳለፈ። ቅጭል አለ። መዶሻውን በእጀታው በኩል አቀበለው።

ወንድሟ ተቀበለ። መዶሻውን በእጁ ይዞ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ከአባቱ ጎን ተጠግቶ ምስማሩን ወደ ግድግዳው ሰደደ።

«እዚህ?»

«ትንሽ ዝቅ።»

«እዚህ?»

«እዚያ» አለ አባቷ። ጣቱን አላነሳም፤ ወንድሟም ምስማሩን ከጣቱ ጎን አቁሞ ቀስ ብሎ ይመታ ጀመር።